ቃልና ሃይማኖት፤ የ«ባሕርይ» እና የ«አካል» ታሪክ በኢትዮጵያ

ሰው የሚያስበው ቋንቋው በፈቀደለት መጠን ነው ወይስ ቋንቋ የአሳብ አገልጋይ ብቻ ነው? ይህ ጥያቄ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው። በጀርመን አገር ዊልሄልም ፎን ሁምቦልት (1767–1835) እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ የሆነ የዓለም አመለካከት ይዟል ብሎ አስተማረ። በአሜሪካም ኤድዋርድ ሳፒርና ተማሪው ቤንጃሚን ሊ ዎርፍ (1897–1941) ይህንኑ አሳብ ወደ ነባር አሜሪካውያን ቋንቋዎች ወሰዱት። ዎርፍ የሆፒ ሕዝብ ቋንቋ እኛ እንደምናስበው አድርጎ ጊዜን የሚገልጽ ቃል የለውም እስከ ማለት ደረሰ። ነገር ግን በ1983 ኤክሃርት ማሎትኪ የተባለ የቋንቋ ሊቅ ያንኑ ቋንቋ በሰፊው መርምሮ የጊዜ ቃላት የሞሉበት መሆኑን አሳየ። ቋንቋ አሳብን እንደ እስር ቤት ይዘጋዋል የሚለው ትምህርት ከዚህ በኋላ እንደ ቀድሞው ጠንክሮ ሊቆም አልቻለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ለእኛ ለተማሪዎች የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ የአገራችን ቋንቋዎች ረቂቅ አሳብ ሊሸከሙ አይችሉም የሚል ንግግር በመካከላችን ደጋግሞ ይሰማል። ሌሎች ደግሞ አሳቡ ካለ ቃሉ አይቸግርም፣ የቃላት ክርክር ባዶ ክርክር ነው ይላሉ። እነዚህ ሁለት አነጋገሮች እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ። የሁለቱንም እውነተኛነት በታሪክ ለመመርመር እዚህ የተመረጡት ሁለት የግእዝ ቃላት፣ ማለትም «ባሕርይ» እና «አካል» ናቸው። የተመረጡበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ስለ እነዚህ ቃላት በአገራችን ጉባኤ ተጠርቷል፣ ሰው ተሰድዷል፣ ደምም ፈስሷል። ከዚህ የበለጠ የቃልን ኃይል የሚያስመረምር ምሳሌ ከታሪካችን ማግኘት ያስቸግራል።

አዲስ ሃይማኖት በአሮጌ ቃል

በ4ኛው መቶ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ግእዝ ገና የክርስትና ቋንቋ አልነበረም። ንጉሡ ከዚያ በፊት ያስቀረጻቸው የድንጋይ ጽሑፎች የሚጠሩት መሕረምን፣ አስተርን፣ ምድርንና የመሳሰሉትን የጥንት አማልክት ነው። ስለ ኖባ ዘመቻ በግእዝ ፊደል ባስጻፈው በታወቀው ጽሑፍ ግን እነዚህ ስሞች ቀርተው ድሉን የሰጠው «እግዚአ ሰማይ» ነው ይላል። ስለ ሥላሴ በዚህ ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ የለም። በሌላ በኩል በአክሱም ተገኝቶ በ1970 የታተመው የዚሁ ንጉሥ የግሪክኛ ጽሑፍ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በግልጽ ይጠራል። እንግዲህ አንዱ ንጉሥ በግሪክኛ ምሥጢረ ሥላሴን ሲመሰክር፣ በግእዝ «የሰማይ ጌታ» በማለት ተወስኗል።

ለዚህ ልዩነት ሁለት ምክንያት ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው የመንግሥት ብልሃት ነው። የግሪክኛውን ጽሑፍ የሚያነቡት የውጭ አገር ሰዎችና ነጋዴዎች ሲሆኑ የግእዙ አንባቢ ገና ያልተጠመቀው ሕዝብ ስለ ነበረ፣ ንጉሡ ሕዝቡን ላለማስደንገጥ ሁሉም ሊቀበለው የሚችል ስም መርጦ ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት የቋንቋ ነው። በግሪክኛ እነዚያ ቃላት በጉባኤ ተፈትነውና ትርጉማቸው ተወስኖ የተገኙ ሲሆኑ በግእዝ ገና መሠራት ነበረባቸው። ሁለቱም ምክንያቶች በአንድነት ሊሠሩ ይችላሉ።

የቃላቱ ሥራ የተከናወነው መጻሕፍት ቅዱሳት ከግሪክኛ ወደ ግእዝ በተተረጐሙበት በሚከተሉት ዘመናት ነው። ተርጓሚዎቹ ሁለት መንገድ ተከተሉ። የመጀመሪያው መበደር ነው። ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ጣዖት፣ ምጽዋት የሚሉት ቃላት ከአራማይስጥ ወገን የመጡ ሲሆኑ፣ ወንጌልና ጳጳስ ከግሪክኛ የመጡ ናቸው። «ሃይማኖት» የሚለው ቃል ራሱ የውጭ አገር ቃል መሆኑ ለዛሬው ሰው የሚያስገርም ነው። ሁለተኛው መንገድ የነበረውን ቃል ማስፋት ነው። «እግዚአብሔር» ማለት በጥሬ ትርጉሙ የብሔር፣ የአገር ጌታ ማለት ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ የፍጥረት ሁሉ ጌታ የአንዱ አምላክ ስም ሆነ። ዛሬ ይህን ስም ሲጠራ አገርን የሚያስብ ሰው አይገኝም፤ አዲሱ እምነት አሮጌውን ትርጉም አሸንፎታል። ከዚህ የምንማረው ቋንቋ የጐደለውን መበደርም ሆነ ያለውን ማስፋት የሚችል መሆኑን ነው። ነገር ግን የተስፋፋ ቃል ሁሉ የቀድሞ ትርጉሙን እንደ «እግዚአብሔር» በቀላሉ አይተውም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የግሪኮች ችግር

የቃላት ችግር የግእዝ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር የግሪክኛውን ታሪክ ማየት ይበቃዋል። በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ «ኡሲያ» እና «ሂፖስታሲስ» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንደ አንድ ቃል ተጠቅሞባቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን በምሥራቅ ያሉ ክርስቲያኖች ስለ ሦስት ሂፖስታሲስ መናገር ጀመሩ። ሌሎች ደግሞ አንድ ሂፖስታሲስ እንላለን ብለው ተቃወሙአቸው። ሮማውያንም በላቲን «ሱብስታንሲያ» ማለት ቃል በቃል ከ«ሂፖስታሲስ» ጋር አንድ ስለ ሆነ፣ ሦስት ሂፖስታሲስ ሲባል ሦስት አማልክት የተባለ መሰላቸው። በ362 ቅዱስ አትናቴዎስ በእስክንድርያ ጉባኤ አድርጎ ሁለቱን ወገኖች ምን ማለታችሁ ነው ብሎ ጠየቃቸው። ሦስት የሚሉት ሦስት አማልክት ማለታቸው እንዳልሆነ፣ አንድ የሚሉትም የሦስቱን ልዩነት መካዳቸው እንዳልሆነ ተረዳ፤ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ሃይማኖት ያሉ መሆናቸውን መሰከረ። ቃሉን ሳይሆን የቃሉን ተናጋሪ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይህ ጉባኤ ያስተምራል።

ስለ ክርስቶስ በተነሣው ክርክር ግን እንዲህ ያለ ዕርቅ አልተገኘም። ቅዱስ ቄርሎስ (በ444 ያረፈው) «ፊዚስ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ሕያው ሆኖ በራሱ ለሚኖረው ለአንዱ ለራሱ ይናገርበት ነበር፤ ስለዚህም ሰው የሆነው የቃል ፊዚስ አንድ ነው አለ። በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ ግን «ፊዚስ»ን አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ ለሚገልጸው፣ «ሂፖስታሲስ»ን ደግሞ ማን እንደ ሆነ ለሚገልጸው ለይቶ ክርስቶስ በሁለት ፊዚስ አንድ ሂፖስታሲስ ነው ብሎ ወሰነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክርስቲያን ዓለም ተከፈለ።

የግእዝ ቃላት

ኢትዮጵያውያን የቄርሎስን ትምህርት የተቀበሉት ገና በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ በተተረጐመውና በእርሱ ስም «ቄርሎስ» በተባለው መጽሐፍ ነው። በኋላም በ16ኛው መቶ ዘመን ከዓረብኛ የተተረጐመው «ሃይማኖተ አበው» ይህንኑ ትምህርት አጸና። ለ«ፊዚስ» የቆመው ቃል «ባሕርይ» ነው። ይህ ቃል በግእዝ ዕንቍ ማለትም ነው፤ የኦሮሞን ሕዝብ ታሪክ በ1593 ገደማ የጻፈው መነኩሴ አባ ባሕርይ ስሙ ዕንቍ ማለት ነው። ዕንቍንና የነገርን መሠረታዊ ሁናቴ በአንድ ቃል መጥራት የግእዝ ብቻ ልማድ አይደለም፤ «ጀውሀር» የሚለው የዓረብኛ ቃልም ሁለቱን ትርጉሞች ይዟል። ለ«ሂፖስታሲስ» የቆመው ደግሞ «አካል» ነው፤ «ገጽ» የሚለውም ቃል ከእርሱ ጋር ይነገራል።

እንግዲህ ሰሚው ምን ይሰማል? በአማርኛ አካል ማለት ዕለት ዕለት የምናየው፣ የምንዳስሰው፣ እጅና እግር ያለው ነገር ነው። ሦስት አካል ሲባል ያልተማረው ሰው ሦስት ቁመና ያላቸውን ሰዎች ቢያስብ የቃሉ ተፈጥሮ ያስገድደዋል። ባሕርይ ደግሞ በዛሬው አማርኛ የሰው ጠባይ ማለት ሆኗል፤ የልጁ ባሕርይ መልካም ነው እንላለን። ሁለት ባሕርይ ያለው ሰው ሲባል ጠባዩ የሚለዋወጥ ሰው ማለት ይመስላል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን መምህር ገና ትምህርቱን ሳይጀምር ቃሉ በሰሚው አእምሮ አንድ ሥዕል ስሏል። የመምህሩ ግማሽ ድካም ያንን ሥዕል ማጥፋት ነው።

የሱስንዮስ ዘመን

ይህ ጉዳይ በአገራችን ከባድ ዋጋ ያስከፈለው በዐፄ ሱስንዮስ (1607–1632) ዘመን ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆነው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ኢትዮጵያ ገባ፤ ብልህና ቋንቋ አዋቂ ስለ ነበረ በቤተ መንግሥት ተወደደ። ንጉሡ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት መቀበሉን በግልጽ ገለጠ። ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። በእርሱ ምትክ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ጥምቀትና ክህነት እንደ ገና እንዲፈጸም፣ ግዝረትና የቀዳሚት ሰንበት እንዲቀሩ አዘዘ።

የሕዝቡ ዐመፅ ምክንያት ብዙ ነው። የሥርዓቱ በድንገት መለወጥ፣ የካህናቱ መዋረድ፣ የመኳንንቱ የሥልጣን ፉክክር ሁሉ አለበት። ሁሉ የሆነው በሁለት ቃላት ምክንያት ነው ማለት ታሪክን ማጣመም ነው። ሆኖም የክርክሩ መፈክር የሆኑት ሁለት ባሕርይና አንድ ባሕርይ የሚሉት ቃላት ናቸው፤ እያንዳንዱም ወገን የሌላውን ቃል በራሱ ጆሮ ሰማው። በ«ቄርሎስ» መጽሐፍ የተማረው ኢትዮጵያዊ ሊቅ ባሕርይ ሲባል ሕያው የሆነውን አንዱን ራሱን ስለሚረዳ፣ ሁለት ባሕርይ የሚለው ስብከት ክርስቶስን ለሁለት ከፍሎ የንስጥሮስን ክሕደት የሚያስተምር ሆኖ ተሰማው። በላቲን የተማረው ኢየሱሳዊ ደግሞ አንድ ባሕርይ ሲባል የክርስቶስ ሰውነት በመለኮቱ ተውጦ ጠፋ የሚለውን የአውጣኪን ክሕደት ሰማ፤ አውጣኪን ግን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ታወግዘዋለች። ሁለቱም ወገኖች የጠሉት ክሕደት አንዱ በሌላው አፍ የተነገረ መሰላቸው። በ1632 ከብዙ እልቂት በኋላ ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት በአዋጅ መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ኢየሱሳውያንም ከአገር ተባረሩ።

በዚህ ታሪክ ቋንቋ አሳብን ወሰነ ማለት እንችላለን? በአንድ በኩል አዎን፤ በግእዝ «ባሕርይ» የተያዘበት መንገድ የኬልቄዶንን አነጋገር ለመስማት አስቸጋሪ አድርጎታል። በሌላ በኩል ግን ያስቸገረው ድምፁ ሳይሆን የቃሉ ታሪክ ነው። ግእዝ ምንንና ማንን ለይቶ መናገር የማይችል ቋንቋ አልነበረም፤ ስለ ሥላሴ ሲናገር በባሕርይ አንድ፣ በአካል ሦስት ብሎ ይለይ ነበርና። ቃሉን የያዘው መጽሐፉና መምህሩ ነው፤ ሰዋስው አይደለም።

«ተዋሕዶ» እና «ቅብዐት»

ሰዋስው ግን ፈጽሞ ሥራ የለውም ማለትም አይቻልም። «ተዋሕዶ» የሚለውን ቃል እንመልከት። በግእዝ «ቀተለ» ገደለ ማለት ሲሆን «ተቃተለ» እርስ በርስ ተገዳደለ ማለት ነው። «ተዋሐደ» የሚለው ግስ በዚሁ መንገድ የተበጀ ነው። ይህ የግስ አካሄድ አድራጊዎቹ ከአንድ በላይ መሆናቸውን ያሳያል፤ ሥሩ ደግሞ አንድ መሆንን ይናገራል። ስለዚህ ሁለት መሆኑና አንድ መሆኑ፣ ግሪኮች በቍጥር የተከራከሩበት ነገር፣ በአንድ ቃል ውስጥ ሳይጣሉ ተቀምጠዋል። የዓረብኛው «ኢቲሐድ» ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ግሪኮችም «ሄኖሲስ» የሚል የራሳቸው ቃል ነበራቸው፤ ቄርሎስም ተናግሮበታል። ነገር ግን የግእዙ ቃል ለሰሚው ቀሎለት፣ ከሊቃውንት ጉባኤ አልፎ የቤተ ክርስቲያኒቱ መጠሪያ ስም እስከ መሆን ደረሰ። ቋንቋ ለአንድ አሳብ የተጠረገ መንገድ ሊያዘጋጅ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ሆኖም ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ቋንቋ እምነትን ይወስናል ለሚለው ሰው ትልቅ እንቅፋት ነው። ኢየሱሳውያን ከተባረሩ በኋላ በጎንደር ዘመን የኢትዮጵያ ሊቃውንት እርስ በርሳቸው ተከፋፈሉ። ምክንያቱ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱን የሚናገረው ቃል ነው። ተዋሕዶዎች የክርስቶስ ሰውነት የከበረው በተዋሕዶው ነው አሉ። በጎጃም የበረቱት ቅባቶች የባሕርይ ልጅ የሆነው በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ነው አሉ። በደብረ ሊባኖስ ወገን ያሉት ጸጎች ደግሞ በቅብዐት የጸጋ ልጅ ሆነ ብለው ሦስት ልደት አስተማሩ። ክርክሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ለተዋሕዶ ተፈረደ።

ሦስቱም ወገኖች ያነበቡት ያንኑ የግእዝ መጽሐፍ ነው፤ የተከራከሩትም በአንድ ቋንቋ ነው። እምነታቸው ግን ሦስት ሆነ። በተቃራኒው ቅብጦች፣ ሶርያውያን፣ አርመኖችና ኢትዮጵያውያን በተለያየ ቋንቋ እየጸለዩ የቄርሎስን ትምህርት በአንድነት ጠብቀዋል። አንድ ቋንቋ ሦስት እምነት ከያዘ፣ ብዙ ቋንቋም አንድ እምነት ከያዘ፣ ቋንቋ የእምነት ጌታ አይደለም ማለት ነው። ቋንቋ የሠራው ሌላ ነገር ነው፤ የሚነሣውን ጥያቄ መርጧል። «ክርስቶስ» ማለት በግሪክኛ የተቀባ ማለት ነው። ግሪኩ ስሙን በጠራ ቍጥር ቅባቱን ይሰማል። ግእዝ ስሙን እንዳለ ተቀብሎ «ቀብዐ» የሚለውን ግስ ግን በራሱ ቃል ስለ ተረጐመ፣ ስሙ በአንድ ወገን ቀርቶ ቅብዐቱ በሌላ ወገን ራሱን የቻለ ጥያቄ ሊሆን ቻለ። የዚህን ጥያቄ መነሣት ለቋንቋው ብቻ መስጠት አይገባም፤ ከኢየሱሳውያን ጋር የተደረገው ክርክርም ያነሣሣው መሆኑን ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ቢሆንም ጥያቄው የተቀመጠበትን ስፍራ ቋንቋው አዘጋጅቶለታል።

የአንድምታ መንገድ

አባቶቻችን የቃልን ጠባብነት ሳያውቁ አልቀሩም። መድኃኒት ያደረጉትም ቃሉን መለወጥ ሳይሆን መተርጐምን ነው። በአንድምታ ትምህርት መምህሩ ግእዙን አንብቦ በአማርኛ ይፈታዋል፤ ከዚያም «አንድም» እያለ ሌላ ትርጉም፣ ሌላም ትርጉም ይጨምርበታል። ተማሪው ቃልና ምሥጢር እኩል እንዳልሆኑ፣ አንዱ ቃል ብዙ አሳብ እንደሚሸከም ከልጅነቱ ይማራል። «አካል» ሲባል የሚዳሰስ ሥጋ እንዳልሆነ የሚያውቀው በዚህ መንገድ ነው። ሁለት ቋንቋ ጐን ለጐን ይዞ መማር አንዱን ቋንቋ በሌላው ለመመርመር ያስችላል። በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚያስብ ሰው ቃሉን ከነገሩ ለመለየት ይቸገራል።

ቋንቋ ተናጋሪውን በምን እንደሚያስገድደው ሮማን ያኮብሶን በ1959 ባወጣው ጽሑፍ አስረድቷል፤ ቋንቋዎች በዋናነት የሚለያዩት መናገር በሚችሉት ሳይሆን ሳይናገሩ ማለፍ በማይችሉት ነገር መሆኑን ገልጧል። በአማርኛ አንድን ሰው አንተ ወይም አንቺ ወይም እርስዎ ሳንል ልንጠራው አንችልም። ለንጉሥ «ንጉሡ አሉ» ብለን በብዙ ስናከብር ለፈጣሪ ግን «እግዚአብሔር አለ» ብለን በነጠላ እንናገራለን። ይህ ልማድ ከግእዝ መጻሕፍት አነጋገር የወረስነው ይመስላል። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ በየቀኑ ይህን ምርጫ ያደርጋል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን አያስፈልገውም። ይህ ማለት እንግሊዙ አክብሮትን አያውቅም ማለት አይደለም። ማሰብ ይችላል፤ ማሰብ ግን አይገደድም።

መደምደሚያ

በ1964 በዴንማርክ ከተማ በኦርሁስ የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበሉና ያልተቀበሉ የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ተገናኝተው በተለያየ አነጋገር የሚገልጹት ሃይማኖት በመሠረቱ አንድ መሆኑን ተነጋገሩ። ውይይቱ ቀጥሎ አራተኛው ስብሰባ በ1971 በአዲስ አበባ ተደረገ። አትናቴዎስ በ362 የጠየቀው ጥያቄ፣ ምን ማለታችሁ ነው የሚለው፣ ለዚህ ክርክር በሰላም የቀረበው ከኬልቄዶን 1,500 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች እንግዲያስ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው በቃል ብቻ ነበር ይላሉ። «በቃል ብቻ» የሚለው አነጋገር ግን የቃልን ሥራ አያውቅም። ለእነዚያ ሰዎች ቃሉ የአባቶቻቸው ዕውቀት ሁሉ የተቀመጠበት ዕቃ ነበር፤ ዕቃውን ስበሩ ሲባሉ በውስጡ ያለው የሚፈስ መሰላቸው።

ስለዚህ በመግቢያው የተጠቀሱት ሁለቱም አነጋገሮች ትክክል አይደሉም። የአገራችን ቋንቋዎች ረቂቅ አሳብ አይሸከሙም የሚለው በራሱ ታሪካችን ይፈርሳል፤ የሰማይን ጌታ ከመጥራት ተነሥቶ ባሕርይን ከአካል እስከ መለየት የደረሰ ቋንቋ ቃል በመበደር፣ በማስፋትና በመተርጐም ነው የደረሰው። አሳብ ካለ ቃል አይቸግርም የሚለውም በሱስንዮስ ዘመን ይፈርሳል። ዛሬ ለሕግ፣ ለሕክምናና ለተፈጥሮ ሳይንስ በአገራችን ቋንቋዎች ቃል የሚመርጡ ሰዎች የሚሠሩት የአክሱም ተርጓሚዎችን ሥራ ነው። የሚመርጡት ቃል የልጅ ልጆቻቸው ምን ብለው እንደሚጠይቁ፣ በምንም ላይ እንደሚከራከሩ ይወስናል። የሊቃውንቱን ትዕግሥት ካልያዙ ግን ቃሉ ብቻውን አይበቃም፤ አዲስ ቃል የሚያወጣ ሁሉ ከቃሉ ጋር አንድምታውን ጭምር መጻፍ ይገባዋል።